ሚለን አሥራ ስምንት ሳይሞላት

ጃንዋሪ 12፣ ሰኞ

ሚለን አለፈች። ከመላው ጣሊያን ከተፈተኑት አርባ ልጆች ተመረጡ፣ አንዷ የኔ ናት። ነፃ የትምህርት ዕድሉን የሚሰጠው ድርጅት አምስቱንም ዓመት ትምህርቷን፣ መኝታዋንና ምግቧን ይችልላታል። ምህንድስና ነው የምትማረው፤ ድልድይ እሠራለሁ ትላለች። ደብዳቤውን በስልክ ስታነብልኝ ትራም ውስጥ ነበርኩ። ከደስታዬ ብዛት ፌርማታዬን አልፌ ሄድኩና ሲኞራ ካርሜላ ቤት አርፍጄ ደረስኩ። አሮጊቷን መንከባከብ ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው፣ አንድ ቀን አርፍጄ አላውቅም። ተቆጡኝ። ይቆጡ።

ማታ ደብዳቤውን ራሴ እስከ ታች አየሁት። መቅረብ ካለባቸው ወረቀቶች አራተኛው የመኖሪያ ፈቃድ ነው፣ ወይም ለፈቃዱ ያመለከቱበት ደረሰኝ። የመጨረሻው ቀን ማርች 31። ሚለን ስታነብልኝ ይህቺን ዘልላታለች።

ልጄ የመኖሪያ ፈቃድ የላትም። በአራት ዓመቷ ሮም ገብታ ይኸው አሥራ ሰባት ሆናት፣ አንድም ቀን ኖሯት አያውቅም። ትምህርት ቤቱ ልጅን ወረቀት አይጠይቅም፣ ሐኪሙም አልጠየቀም። ካልጠየቁኝ ምን አስለፈለፈኝ ብዬ ዝም አልኩ። ዛሬ ነገ ሲባል ዓመቱ እንዲህ ሄደ።

ጃንዋሪ 14፣ ረቡዕ

ሲኞራ የቀን እንቅልፋቸውን ተኝተዋል፣ ትንሽ ጊዜ አለኝ። የሚለን አስተማሪ ፍራንቼስካ ደወለች። ሚለን ማርች 18 አሥራ ስምንት ይሞላታል። ከዚያ በፊት ካመለከተች ሕጉ እንደ ልጅ ያያታል፤ ከዚያ በኋላ ግን ያለ ፈቃድ የተገኘች ትልቅ ሰው ናት። እዚሁ ሰፈራችን ፒኜቶ፣ አንድ ደብር ውስጥ በነፃ የምታማክር ላውራ የምትባል ጠበቃ አለች አለችኝ፣ አድራሻውንም ላከችልኝ። «ሲኞራ፣ ቶሎ ይሂዱ።» እሺ አልኳት። ሁለት ወር ብዙ ነው።

ሁለት ወር ብዙ አይደለም። ምን ሆኜ ነው እንዲህ የጻፍኩት።

ጃንዋሪ 18፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ወዳለው ካፌ ሄድኩ፣ ጋሽ ዑቕባሚካኤል ጋ። ድሮ አስመራ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። አሁን የካፌው ጥግ ጠረጴዛ ቢሯቸው ናት፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የኛን ሰው ቅጽ የሚሞሉት እሳቸው ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ደብዳቤውን አነበቡና አጣጥፈው መለሱልኝ።

«እናቷ ነኝ እንዳልሽ ጽኚ» አሉኝ። «ሌላ ነገር እንዳትናገሪ። ፈረንጅ የነገርሽውን ሁሉ ነው የሚጽፈው።»

«ልጅቷ እኮ አደገች ጋሼ። አሁንም ይወስዷታል?»

«አሎራ፣ እንግዲህ ሕግ መቼ ዕድሜ አይቶ ያውቃል?»

ፍራንቼስካ የነገረችኝ ሕግ የሚያየው ዕድሜን ነው። ግን ከእሳቸው ጋር መከራከር አልወድም፣ ውለታቸው አለብኝ።

እዚህ ደብተር ላይ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው። ሚለንን አልወለድኳትም። የታናሽ እህቴ የማርያ ልጅ ናት። አባቷ ገና ሳትወለድ ባሕር ላይ ቀረ። ማርያ ካርቱም ውስጥ በወባ ስትሞት ሚለን ሦስት ዓመቷ ነበር፣ እኔ ደግሞ ሮም ነበርኩ። ማርያን የቀበሩት ጎረቤቶች በስልክ «ልጅሽን ቶሎ አስመጪ» ነው ያሉኝ። የእህትሽን ልጅ ያለኝ ሰው የለም። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፣ እህትሽ ስትሞት ልጇ ልጅሽ ናት፤ ማንም ወረቀቱ የታል አይልም። ወደዚህ የምትመጣ አንዲት ሴት ፓስፖርቷ ላይ እንደ ልጇ አስጽፋ አመጣችልኝ። ያኔ የምንኖረው ሰላም ፓላስ ነበር፣ ከሮም ዳር አናኒና አጠገብ ሰዉ ገብቶ በያዘው ትልቅ ሕንፃ። ጋሽ ዑቕባሚካኤል እዚያ ድረስ መጥተው «አክስት ነኝ ካልሽ መንግሥት ይወስድብሻል፣ ሕፃናት ማሳደጊያ ያስገባታል» አሉኝ። ኮሪደሩ ላይ ያለች ሴት ሁሉ ይህንኑ ትል ነበር። አመንኩ። ለሚለንም እናትሽ ነኝ አልኳት። የአራት ዓመት ልጅ ምን ታስታውሳለች።

ጃንዋሪ 26፣ ሰኞ

ጠበቃዋ ጋ አልሄድኩም። ሐሙስ ሲኞራ አሟቸው ነበር። አርብ ዘነበ። ቅዳሜ ዝግ ናቸው። ሚለን በየቀኑ «ሄድሽ?» ትላለች፣ በየቀኑ ምክንያት አላጣም።

ፌብሩዋሪ 1፣ እሑድ

ሚለን መታጠቢያ ቤት ገብታ ስልክ ስታወራ ሰማኋት፣ በጣሊያንኛ። «አክስቴ ገና አልተዘጋጀችም» አለች። የቷ አክስቷ? የሲኞራ ካርሜላን ልጅ ዚያ፣ አክስቴ፣ እያለች ነው የምትጠራት፣ እሷን ይሆናል። ሴትዮዋ ለምን እንደምትዘጋጅ አላወቅሁም። አልጠየቅኋትም፣ ጆሮ ጠቢ መባል አልፈልግም።

ፌብሩዋሪ 4፣ ረቡዕ

ሄድኩ። ጠበቃዋ ላውራ ልጅ እግር ናት፣ ጸጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የያዘች። መጀመሪያ የጥገኝነት ፋይሌን እንድታስወጣ ውክልና አስፈረመችኝ። ቀጥላ «ከሚለን ጋር ዝምድናዎ ምንድነው?» አለችኝ። እናቷ ነኝ አልኩ። አልጻፈችውም። የልደት ወረቀት አለ ወይ ብትለኝ አስመጣለሁ አልኳት።

«ሲኞራ፣ እኔ ፖሊስ አይደለሁም። እዚህ የሚነገር እዚህ ይቀራል። ሌላ የሚነግሩኝ አለ?»

የለም አልኩ። ትንሽ ጠበቀችኝ፣ ሰው አውቶቡስ እንደሚጠብቀው። ከዚያ «ቀኑን አይርሱት» ብላ ሸኘችኝ። ደረጃውን ስወርድ ራሴን ሰደብኩት። የሰደብኩት ስለዋሸሁ ይሁን አሳምሬ ስላልዋሸሁ አላውቅም።

እራት ላይ ሚለን ስለ ጠበቃዋ አንስታ «ማማ፣ ለአቮካታዋ ሁሉንም ነገርሻት?» አለችኝ። ሁሉንም ስትል ምን ማለቷ ነው? ነገርኳት አልኩ። ሳህኖቹን አንስታ ማጠብ ጀመረች። ተራው የኔ ነበር።

ፌብሩዋሪ 11፣ ረቡዕ

ጋሽ ዑቕባሚካኤል መላ አላጡም።

«ካርቱም ቤተ ክርስቲያን ያገለግል የነበረ ሰው አሁን ካይሮ ነው ያለው። ማኅተሙ አብሮት ነው። የክርስትና ወረቀት ይጽፍልሻል፣ የእናቷ ቦታ ላይ ያንቺን ስም፣ ለተንኪኤል ብሎ።»

«ውሸት አይሆንም ጋሼ?»

«ማን አሳደጋት?»

«እኔ።»

«ያመማት ጊዜ ሌሊት ማን ይዟት አደረ?»

«እኔ።»

«ታዲያ ምኑ ነው ውሸቱ?»

ያስመጡልኝ አልኳቸው።

ፌብሩዋሪ 13፣ አርብ

ሠላሳ ሦስት ቀን። ከካይሮ ምንም የለም። ሾርባው ላይ ጨው ደግሜ ሲኞራ ሳህኑን ገፉት። «ሀሳብሽ የት ነው?» አሉኝ። ካይሮ አልኳቸው።

ፌብሩዋሪ 22፣ እሑድ

ዛሬ የማርያ ሙት ዓመት ነው። ጾሙ ገብቷልና ቤት ውስጥ የተለየ ነገር አላደረግኩም፤ እንደ ወትሮው ስሟን ለቄሱ ሰጥቼ አስጠራሁ። ሚለን አብራኝ መጣች። ሌላ ጊዜ ቅዳሴው ይረዝምብኛል ትላለች፣ ዛሬ ግን ከኔ ቀድማ ነው የለበሰችው። ሻማውን ላብራ ስል «እኔ ላብራላት?» ብላ ከእጄ ወሰደችው። ስታበራ እንባዋ ወረደ። ፈተናው፣ ወረቀቱ፣ ጭንቀቱ ሁሉ ተደራርቦባት ነው። አክስቴ ናት ለምትላት ለማርያ እንዲህ ማዘኗ ግን ደስ አለኝ፤ ሩኅሩኅ ልጅ ናት የወጣችው።

ሲመሽ የማርያን ፎቶ ጠየቀችኝ፣ ለትምህርት ቤት ነው ብላ። ሰጠኋት። እንዳትጠፋ አልኳት። «አትጠፋም» አለች።

ማርች 2፣ ሰኞ

ወረቀቱ መጣ። ዳሩ ሆን ተብሎ በሻይ የተነካካ ይመስላል፣ ማኅተሙ ግን ትናንት የተመታ ነው። ጋሽ ዑቕባሚካኤል ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን አስጪው ብለውኛል። የልጅ ስም ሚለን። የእናት ስም ለተንኪኤል።

ሐሰት መሆኑን አውቃለሁ። ግን ወደድኩት። ሲኞራ እስኪነቁ ድረስ የእናት ስም የሚለውን መስመር ደጋግሜ አነበብኩት። ስሜ እዚያ ቦታ ላይ ተጽፎ አይቼ አላውቅም።

ማርች 4፣ ረቡዕ

የክርስትና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። ላውራ አልነካችውም። እሷ ደግሞ ከመሳቢያዋ ሌላ ወረቀት አወጣች፣ የኔኑ ፋይል ግልባጭ። በ2008 ጥገኝነት ስጠይቅ ኮሚሽኑ ፊት የሰጠሁት ቃል ነው። ጥያቄ፦ ልጆች አሉዎት? መልስ፦ የሉኝም። ከሥሩ ፊርማዬ። ያን ቀን የተናገርኩት እውነት ነበር፤ ሚለን ካርቱም ውስጥ የእናቷን ጡት ትጠባ ነበር።

«ይህን የክርስትና ወረቀት ካስገባሁት ዲ ኤን ኤ ይጠይቃሉ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ያኔ የእርስዎ ፔርሜሶም፣ የመኖሪያ ፈቃድዎ፣ አደጋ ላይ ይወድቃል፣ ሚለንም እስከዚያ አሥራ ስምንት ይሞላታል። ስለዚህ አላየሁትም። ግን ሌላ መንገድ አለ። ለምሳሌ እናትና አባቱ የሞቱበትን ልጅ አክስቱ አሳድጋው ቢሆን፣ ዳኛ አክስትየዋን በሕግ ሞግዚት አድርጎ ይሾማታል። ሞግዚት ያለው ልጅ ፔርሜሶ ያገኛል። አክስት ለሕጉ በቂ ዘመድ ናት።»

«ልጁን አይወስዱትም?»

«ካሳደገችው አክስቱ? ለምን ብለው?»

አሥራ አራት ዓመት የፈራሁት ነገር መልሱ «ለምን ብለው» ሆነ። ያኔ በአራት ዓመቷ እውነቱን ብናገር ኖሮ ልጅቷ እስከ ዛሬ ወረቀት ነበራት። ጋሽ ዑቕባሚካኤልን መውቀስ አልችልም፣ አምነው ነው የመከሩኝ። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ሌላ ሰው አልጠየቅሁም። ላለመጠየቄ ምክንያት አለኝ፣ ነገ እጽፈዋለሁ።

ለመሆኑ ስለ አክስት ከየት አመጣችው? ጠበቆች ብዙ ስለሚያዩ ይሆናል። አስቤ እመጣለሁ ብዬ ተነሣሁ። «ከሰኞ ካለፈ አልደርስም» አለችኝ።

ማርች 5፣ ሐሙስ

የምፈራው መንግሥትን አይደለም። መንግሥት ሰበብ ነበር። የምፈራው ሚለን አክስቴ እንዳትለኝ ነው።

በአንድ በኩል የልጅቷ የወደፊት ሕይወት አለ። በሌላ በኩል እኔን ማማ ብላ መጥራቷ አለ። ሁለቱን እያመዛዘንኩ ሁለት ወር ጨረስኩ። እናት ነኝ እያልኩ ስመጻደቅ ኖሬ፣ እናት የማትመዝነውን ስመዝን ራሴን አገኘሁት። አፈርኩ።

እንደ ልምምድ ለሲኞራ ካርሜላ ነገርኳቸው። እግራቸውን እያጠብኩ ከካርቱም ጀምሬ ዘረገፍኩት። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ቫ ቤኔ፣ እሺ፤ ውኃው ቀዝቅዟል» አሉኝ። ሳቄ መጣ። ከሁለት ወር ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

ማርች 7፣ ቅዳሜ

ነገርኳት። እንደሆነው ልጻፈው።

ከሰዓት ነበር፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሂሳብ ትሠራለች። ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። «ሚለን፣ ያቺ ማርያ» ብዬ ጀመርኩ። እርሳሷን አስቀመጠች።

«አውቃለሁ፣ ማማ።»

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«እናቴ መሆኗን።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሰላም ፓላስ ሳለን። አሥር ዓመቴ ነበር፣ ሴቶቹ ኮሪደር ላይ ሲያወሩ ሰማሁ። እንቅልፍ የወሰደኝ መስሏቸው ነበር።»

መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ይህንንም ልጻፈው። ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው፣ አንድ ክፍል ውስጥ እየተኛን፣ አንድ ሳህን እየበላን፣ እሷም ታውቃለች እኔም አውቃለሁ፣ ሁለታችንም አፋችንን ዘግተን። «ታዲያ ለምን አትነግሪኝም ነበር?» ብዬ ጮህኩባት። እኔ በእሷ ላይ! ለመጮህ ማን መብት ሰጠኝ?

«እንዳይከፋሽ ብዬ ነዋ» አለች። ቀጥላም ጃንዋሪ 15 ላይ ብቻዋን ላውራ ጋ ሄዳ እንደነበር ነገረችኝ። ላውራ አክስትሽ ራሷ መጥታ መናገር አለባት ብላ መለሰቻት። «አላስገድዳትም አልኳት። ግን ቀኑ ሲቀርብ ፈራሁ።»

የዚያን ጊዜ አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። «ለየትኛው?» አለችኝ፣ እውነቷን ነው፣ ለማወቅ ፈልጋ። ለወረቀቱ አልኳት። «እሱንስ እሺ» አለች። ሌላውን ይቅርታ አልጠየቅኳትም። እናትሽ ነኝ ላልኩት ይቅርታ መጠየቅ አልቻልኩም፣ እሷም አልጠበቀችም።

ማርች 9፣ ሰኞ

ለላውራ ነገርኳት። ሁሉንም። እርሳሷን ከጸጉሯ መዝዛ ጻፈች።

ማርች 10፣ ማክሰኞ

የክርስትና ወረቀቱን ለጋሽ ዑቕባሚካኤል መለስኩላቸው። የሆነውን ስነግራቸው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ፣ መልሰው ሰቀሉ።

«አክስት ብትሆንም ይሰጣሉ?»

«ይሰጣሉ ጋሼ።»

«ለስንት ሰው ነው እንደዚያ ያልኩት» አሉ። የሚናገሩት ለኔ አልነበረም። ማኪያቷቸው ፊታቸው ላይ ቀዘቀዘ። ያገለገሉን ሰው ናቸው፣ አሳዘኑኝ። ብዙ ሰው እንዲያስታውሱ አልፈለግኩምና ስለ ጤናቸው ጠይቄ ወሬውን ቀየርኩ።

ማርች 13፣ አርብ

ፍርድ ቤት። ላውራ አስቸኳይ ብላ ያስያዘችው ቀጠሮ ነው። ዳኛዋ ደከም ያለች ሴት ናት፣ ጉንፋን ይዟታል። ሚለንን «እኚህ ሴት ምንሽ ናቸው?» አለቻት።

«ሚያ ዚያ» አለች ሚለን፣ አክስቴ ናት ማለቷ ነው። ዓይኗን አላርገበገበችም። በደንብ ተለማምዳዋለች። ጥሩ ነው፣ መልስ እንደዚያ ነው የሚመለሰው።

እኔንም ጠየቀችኝ። የእህቴ ልጅ ናት አልኩ። ድምፄ ወጣ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም፣ ፈረመችልን።

መተላለፊያው ላይ ሚለን ከኋላዬ «ማማ፣ ቦርሳሽን ረሳሽው» ብላ ጠራችኝ። ዘብ የቆመው ሰውዬ ዞር ብሎ አየን።

ማርች 16፣ ሰኞ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ፖሊስ ቢሮ በር ላይ ተሰለፍን። ደረሰኙን ሰጧት። ፎቶዋ ላይ ዓይኗ ግማሽ ተጨፍኗል። ልደቷ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

ማርች 18፣ ረቡዕ

አሥራ ስምንት ሞላት። የጾም ኬክ ሠራሁ፣ አልነፋም። በላነው።

ማርች 29፣ እሑድ

ሚለን ኮምፒዩተሩን ጠረጴዛው ላይ ከፈተችና የትምህርት ዕድሉን ቅጽ ሞላን። እሷ ትጽፋለች፣ እኔ ወረቀት አቀብላለሁ። ደረሰኙ አራተኛው ቦታ ላይ ገባ፣ አረንጓዴ ምልክት ወጣለት። ሁለታችንም ተነፈስን።

ከዚያ ስለ ቤተሰብ የሚጠይቀው ገጽ መጣ። የእናት ሙሉ ስም የሚል መስመር አለ፣ ከአጠገቡ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፣ «እናትና አባት የሌላት» ትላለች። ሚለን እዚያ ስትደርስ እጇ ቆመ። ወደ ላይ ተመልሳ የተወለደችበትን ቀን አየች፣ ስህተት አልነበረበትም። ውኃ ጠጣች።

«ይሄን ነገ ብንሞላውስ?»

«ማክሰኞ ይዘጋል።»

«አውቃለሁ። ስምሽን ልጻፍ? ማን ያያል?»

«የዳኛዋ ወረቀት አብሮ ገብቷል፣ እሱን ያያሉ።»

ጣቷን ሳጥኗ አጠገብ አድርጋ ቆየች። ዳኛ ፊት ያልተርገበገበ ዓይኗ አሁን ሞልቷል። ይህን በራሷ እጅ እንድታደርገው አልፈለግኩም። በዚህ ዓለም ላይ ይህን ልሠራላት የምችል ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

እጇን አነሣሁና ሳጥኗን እኔው ተጫንኳት። የእናት ስም የሚጻፍበት መስመር ከገጹ ላይ ጠፋ።

«ላኪው» አልኳት።